ከጎንደር ወደ ስሜን ተራሮችና ጃናሞራ እንዴት ነው ሚኬደው? መኪናው፣ በቅሎውና እግር

ጎንደር ስለምኖርና የእናቴ ወገኖች ከተራሮቹ ወዲያ ካለው ከጃናሞራ ወረዳ ስለሆኑ ስሜን ልሂድ ያለ ዘመድም ጓደኛም መጀመሪያ ሚደውለው ለኔ ነው። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ «መኪና አለ ወይ?»። አለ። ግን ጥያቄው መሆን ያለበት «መቼ ነው ያለው?» ነው። እስከ ደባርቅ ድረስ ያለው ትራንስፖርት ለመንገደኛ ነው የተሰራው፣ ስትመጣ ታገኘዋለህ። ከደባርቅ ወዲያ ያለው ግን የገበያተኛ ነው፣ ቀኑንም ሰዓቱንም ሚወስነው ገበያው ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ይሄን ካወቅክ ግማሹ ችግር ቀሏል፣ የቀረውን ደግሞ እንደምችለው ልንገራችሁ።

ጎንደር መድረሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ምታርፈው ከከተማው ወደ ደቡብ አዘዞ በኩል ነው፣ ከዛ ወደ ፒያሳ ታክሲም ሚኒባስም አለ። ከውጭ ሀገር ምትመጡ ልጆች የሀገር ውስጥ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የመጣችሁበትን ዓለም አቀፍ ትኬት አሳዩ፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመጣችሁ የሀገር ውስጡ ይቀንሳል። በመኪና ደግሞ ከ700 ኪ.ሜ በላይ ነው፣ የአባይን በረሃ ወርደህ ወጥተህ በጎጃም አድርገህ ባህር ዳር፣ ከባህር ዳር ጎንደር 180 ኪ.ሜ አካባቢ። ባህር ዳር ማደር ሚችል ሰው ቢያድር ነው ምመክረው ምክንያቱም ደክሞህ ጎንደር ገብተህ በማግስቱ ሌሊት ተነስተህ ወደ ደጋ መውጣት ወገብ ይጨርሳል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት። መንገድ ክፍት መሆኑን ሳታጣራ ከቤትህ አትውጣ። ባለፉት ዓመታት በፀጥታው ምክንያት መንገድ በአንድ ጀምበር ሲዘጋም ሲከፈትም አይተናል፣ ትናንት የሄደ መኪና ዛሬ ላይሄድ ይችላል። የሳምንት ወሬ አይሰራም፣ ሚሰራው በዛው ጠዋት ደባርቅ ላለ ሰው መደወል ነው። ሰው ከሌለህ መናኸሪያ ሄደህ ከደባርቅ የገባ ሹፌር ጠይቅ፣ ሹፌር መንገዱን ከማንም በላይ ያውቃል። ሹፌሮች «ዛሬስ ይቅር» ካሉ ይቅር፣ ተራራው የትም አይሄድም።

እሺ፣ መንገዱ ሰላም ነው እንበል። ጎንደር መናኸሪያ ማልዶ መድረስ ነው፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ። ሚኒባስም ቅጥቅጥም አለ። ረዳቱ «ደባርቅ ደባርቅ! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» ይልሃል፣ ገብተህ ስታይ ሞልቷል፣ ደስ ብሎህ ትቀመጣለህ፣ ከዛ ከተቀመጡት ውስጥ አራቱ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። የመኪናው ልጆች ናቸው፣ መኪናው የሞላ እንዲመስል ነው ሚቀመጡት። እኔ አሁን ምንም አልናደድም፣ ከመግባቴ በፊት ሰዎቹን አያለሁ፤ እቃ የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ ዘምቢል እግሩ ስር ያስቀመጠ ካለ እውነተኛ ተሳፋሪ ነው። እጁን ኪሱ ከቶ ማስቲካ ሚያኝክ ጎረምሳ ከበዛ ግን ገና ብዙ ትጠብቃለህ። ታሪፉን ደግሞ ከረዳቱ ሳይሆን ከጎንህ ካለው ሰው ጠይቅ፣ በተለይ ከእናቶች፣ ሳንቲሙን ሳይቀር ያውቁታል። ፖርቶመጋላ ላይ ሚወጣ ሻንጣ ካለህ የእቃውን ሂሳብ ከመጫኑ በፊት ተነጋገር፣ ከተጫነ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው። ሻንጣህ ውስጥ ያለውን ልብስ በፌስታል ጠቅልለው፣ ዝናብ ባይኖር እንኳ አቧራው አይምርህም።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪ.ሜ ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው። ወለቃን አልፈህ ሽቅብ ነው፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ። ወገራ ላይ ስትደርስ አየሩ ይቀየራል፣ መስከረም ጥቅምት ከሆነ ሜዳው ገብስና አደይ አበባ ነው፣ መስኮት ጋ መቀመጥ ያለብህ ለዚህ ነው። ባለ መስኮቱ ሰው ብርድ ፈርቶ መዝጋቱ አይቀርም፣ አትከራከረው። መንገድ ላይ ሰው ሲጫን ሲወርድ፣ ፍተሻም ካለ፣ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ስለዚ ሁለት ሰዓት ተኩል ያለህን ሰው ሦስት ወይ አራት ብለህ ስማው።

ደባርቅ ከገባህ በኋላ መጀመሪያ ምትሄደው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽህፈት ቤት ነው። እዛ ሳትከፍል ወደ ፓርኩ አትገባም። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ሀገር ሰው ሂሳቡ ስለሚለያይ መታወቂያህን በእጅህ ያዝ። ጠመንጃ የያዘ ስካውት መውሰድ ግዴታ ነው፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ደግሞ በየማህበራቸው በተራ ነው ሚመደቡት። ብዙ ሰው «ስካውቱ ለምኔ ነው፣ ሀገሬ ነው» ይላል። ኧረ ውሰደው፣ ግዴታነቱ ይቅርና መንገድ ላይ ጠቃሚው ሰው እሱ ነው። ሚያልፈውን መኪና ሁሉ ያውቃል፣ ሹፌሩን በስሙ ይጠራዋል፣ አንተ እጅህን ስታውለበልብ አቧራ አልብሶህ ሚያልፈው አይሱዙ እሱ ብድግ ሲል ይቆማል። ብዙዎቹ የዛው የገጠሩ ልጆች ናቸው፣ ሁሉ ሰው ዘመዳቸው ነው። ግን ምግቡን ማሰብ ያንተ ፋንታ ነው፣ ዳቦህን ብቻህን ምትበላ ከሆነ ያሳፍራል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ እደሩ። ከተማዋ ራሷ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ፓርኩ ውስጥ ካሉት ማደሪያዎች ሳንቃበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 አካባቢ፣ የቧሂት ተራራ ጫፍ ደግሞ 4,430 ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ትንሽ ይሻለዋል፣ ከድሬዳዋ ወይ ከባህር ማዶ ቀጥታ መጥቶ በዛው ቀን ጨነቅ ሚወጣ ሰው ግን ራስ ምታቱን እዛው ያገኘዋል። ውሃ ጠጡ፣ ቀስ በሉ፣ ማስታወክና ማዞር ካለ ወደ ታች መውረድ ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት አትፈልጉ።

አሁን ዋናው። ከደባርቅ ወደ ፓርኩ ውስጥ ሚገባው መንገድ ጠጠር ነው። በቡይት ራስ አድርጎ ሳንቃበር፣ ከዛ ጨነቅ፣ ጨነቅ ከደባርቅ 60 ኪ.ሜ ገደማ ነው፣ ከዛም የቧሂትን በር (የተራራውን መተላለፊያ) ተሻግሮ ወደ ጭሮ ለባና መካነ ብርሃን ይወርዳል፣ መካነ ብርሃን የጃናሞራ ዋና ከተማ ነው። ይሄን መንገድ በሦስት ዓይነት ትሄደዋለህ።

አንደኛው ኮንትራት መኪና ነው። ላንድክሩዘር ይሻላል፣ በበጋ ግን ደህና ሹፌር ያለው ሚኒባስም ሳንቃበርና ጨነቅ ይደርሳል። ዋጋ አልነግራችሁም ምክንያቱም በነዳጅ ነው ሚወጣው ሚወርደው፣ እኔ ዛሬ ምጽፈው ነገ ውሸት ይሆናል። ልነግራችሁ ምችለው ሰው ሚጣላበትን ነው። ነዳጅ በማን ነው? ሹፌሩ ሲያድር አልጋና ምግቡስ? መኪናው እዛው ይጠብቃል ወይስ ጥሎ ተመልሶ በቀጠሮ ይመጣል? ለስካውቱና ለአስጎብኚው ወንበር አለ ወይ? መንገድ ቢበላሽና ጨነቅ ባይደርስ ሂሳቡ ስንት ነው? ይሄን ሁሉ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ሰው ባለበት፣ ተነጋገሩ። አንዴ ከዘመዶቼ ጋር ስንሄድ ደላላው «ሁሉም አለበት» ብሎን ነበር፣ ሳንቃበር ስንደርስ ሹፌሩ «እኔ እስከዚህ ነው የተባልኩት» አለን፤ ደላላው ያለውን ሹፌሩ አልሰማም፣ እኛ የከፈልነው ደግሞ ለደላላው ነው። ከዛ ወዲህ እኔ ምነጋገረው ከሹፌሩ ጋር ነው፣ ቀብድም ለሱ ነው ምሰጠው። ጎማውን እይ፣ ስኮርታ ጎማውን እይ፣ ክሪክ አለህ ወይ በለው። ጋሼ ምትለው ሽማግሌ ሹፌር ካገኘህ ያዘው፣ ወጣቶቹ ጠመዝማዛው ላይ ስልክ ያወራሉ። ከደባርቅ በኋላ ማደያ እንዳትጠብቅ፣ ነዳጁ ሞልቶ መነሳት አለበት፣ ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ሰልፉ ግማሽ ቀን ስለሚበላ ሹፌሩ ከዋዜማው ይቅዳ።

ኮንትራት ለአንድ ሰው ውድ ነው፣ ለአምስት ሰው ግን ይቻላል። ብቻህን ከሆንክ ጠዋት የፓርኩ ጽህፈት ቤት በር ላይ ቁም፣ ሌላ ቡድን ይመጣል፣ ወንበር ካላቸው ተነጋገር።

ሁለተኛው የህዝብ መኪና ነው፣ ወደ ጃናሞራ ሚሄደው። እኔ በዚህ ነው ምሄደው። ጠዋት ከደባርቅ ይነሳል፣ አንዳንዴ አውቶቡስ ነው፣ አንዳንዴ አይሱዙ ነው፣ ገበያ ቀን ሲሆን ይበዛል፣ በማግስቱ ይጠፋል። ስለዚ ደባርቅ እንደገባህ ምትጠይቀው «ነገ የየት ገበያ ነው?» ብለህ ነው። ወደ ገበያው ሚሄድ መኪና ጠዋት ሙሉ ነው፣ ከሰዓት ደግሞ ገበያተኛውን ይዞ ይመለሳል፣ አንተ በዛ መሃል ነው ምትገባው። ወረፋ ሚባል ነገር አለ ግን እቃ ነው ወረፋ ሚይዘው፣ አንዱ ጆንያውን ሌላው ጀሪካኑን በሌሊት አሰልፎት ይሄዳል፣ አንተም ቦርሳህን አስቀምጥ፣ ማንም አይነካብህም።

አይሱዙ ላይ መጀመሪያ ስትወጣ ይከብዳል። ከታች የገብስ ጆንያ፣ ከላዩ የጨው ከረጢት፣ የዘይት ጀሪካን፣ እግሯን የታሰረች ዶሮ፣ ጥግ ላይ መስቀል የያዙ ቄስ፣ ሁሉም ባለው ቦታ ይደረደራል። መጀመሪያ ከጎን ብረቱ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ አባት «አንች ልጅ፣ እዛ ላይ ምን ትሰሪያለሽ? ንፋሱ ያደርቅሻል፣ ነይ ወደ መሃል፣ ገብሱ ላይ ሁኝ፣ ይሞቅሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ገብስ ጆንያ ይሞቃል፣ ቅርፅህንም ይይዛል፣ ጨው ግን እንደ ድንጋይ ነው፣ ጨው ላይ አትቀመጥ። የቧሂትን በር ስንሻገር ያለውን ብርድ ግን ገብስም አይመልሰውም። ጋቢ ያዙ፣ ቆንጆ ጃኬት ያለው ሰውም ጋቢ ይያዝ፣ ጃኬት ለብቻ ነው ሚለበሰው ጋቢ ግን ከጎንህ ያለችውን እናትም ያለብሳል፣ ጨዋታውም በዛው ይጀመራል። በሶና ቆሎ ይዞራል፣ አንተም ያለህን አውጣ። ለዓይንና ለአፍንጫ ነጠላ ወይ ሻሽ፣ አቧራው ዱቄት ነው።

ይሄ መኪና ለፎቶ አይቆምም። ቡይት ራስ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ሳር ሲነጩ ታያቸዋለህ፣ መቶ ሁለት መቶ ሆነው፣ ያልፋሉ በቃ። ጨነቅ አካባቢ ገደሉ ላይ ዋልያ ልታይ ትችላለህ፣ «ዋልያ! ዋልያ!» ብለህ ብትጮህ ተሳፋሪው አንተን ነው ሚያየው። ደግሞ እወቁት፣ ቦታው ፓርክ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1978 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፣ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ነበር፣ ዩኔስኮዎቹን ካስጨነቋቸው ነገሮች አንዱ ይሄው በመሃሉ ሚያልፈው መንገድ ነው። ከፓርኩ ውጪ ሚዞር መንገድ ሲሰራ የቆየው ለዚህ ነው። ስለዚ መኪናው በየት በኩል እንደሚሄድ ሳትጠይቅ አትሳፈር፣ በውጪው ሚዞር ከሆነና አንተ ጨነቅ መውረድ ከፈለግክ ሌላ ቦታ ነው ምትገኘው። ፓርኩ ውስጥ ወርደህ ምትጎበኝ ከሆነ ደግሞ ክፍያህንና ስካውትህን ጨርሰህ መሆን አለበት፣ «የህዝብ መኪና ነው የመጣሁበት» ማለት አያድንም።

ሦስተኛው በቅሎ ነው። ከተማ ላደገ ሰው በቅሎ ጌጥ ይመስለዋል፣ እዛ ግን ትራንስፖርት ነው፣ ወደ ራስ ደጀን ሚወስደው መንገድ ላይ መኪና በማይገባበት ሁሉ በሽተኛም ሙሽራም ሚሄደው በሱ ነው። የጭነት በቅሎና የኮርቻ በቅሎ ይለያያል፣ ስትዋዋል የትኛውን እንደሆነ ተናገር። ሂሳቡ በቀን ነው፣ የነጂው ደግሞ ለብቻው ነው። ሰው ሚረሳው የመመለሻውን ነው፤ ጭሮ ለባ ላይ ወይ ቆላ ያለችው አዲ አርቃይ ላይ በቅሎውን ብታሰናብተው ነጂው ደባርቅ እስኪመለስ ያለው መንገድ ይከፈለዋል፣ ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ ሰውየው ቤቱ መግባት አለበት።

አቀማመጡን ልንገራችሁ። እርካቡን ለእግርህ ልክ አስደርገው፣ ጉልበትህ ትንሽ እጥፍ እንዲል፣ ካልሆነ በማግስቱ አትራመድም። ዳገት ላይ ወደ ፊት ደገፍ በል። ቁልቁለት ላይ ውረድ፣ በእግርህ ሂድ። ከቧሂት በር ወደ መሸሃ ወንዝ ሚወርደው ከ4,200 ሜትር አካባቢ ወደ 2,800 ነው፣ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ በቅሎዋ ራሷን ነው ምትችለው። አንዷ ጓደኛዬ አልወርድም ብላ ስትከራከር ነጂው በቅሎዋን አቁሞ «እህቴ፣ እሷ አራት እግር አላት፣ ከወደቀች ትነሳለች፣ አንችን ማን ያነሳሻል?» አላት፣ ወረደች። ልጓሙን ደግሞ አትጎትቱት፣ መንገዱን ከእናንተ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፣ ገደል ገደሉን ብትሄድ እንኳ ተዋት፣ ጫፍ ጫፉን መሄድ ልማዷ ነው። ይሄን ለማመን ጊዜ ይፈልጋል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የለመድኩት።

በእግር ሚሄድ ሰው ደግሞ ከሁሉ ያተርፋል። ከሳንቃበር ተነስተህ የጅንባርን ፏፏቴ አይተህ ግጭ፣ ከግጭ እመት ጎጎ፣ ከዛ ጨነቅ፣ ይሄ ነው በሰፊው የተለመደው። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው፣ ከሦስት አቅጣጫ ገደል ነው፣ መኪና አይደርስም። ግጭ ውስጥ የነበረው መንደር ነዋሪው ወደ ደባርቅ ተዛውሯል፣ ስለዚ እንደ ድሮው ሰው ቤት ገብቼ ቡና እጠጣለሁ እንዳትሉ፣ ምትበሉትን ይዛችሁ ሂዱ። ራስ ደጀን ምትሉ ከሆነ ከጨነቅ ቧሂትን ተሻግሮ መሸሃን ወርዶ አምቢቆ ማደር ነው፣ ከአምቢቆ በሌሊት ተነስቶ ወጥቶ መመለስ ሙሉ ቀን ነው። ትምህርት ቤት 4,620 ብለን ነበር የሸመደድነው፣ አሁን 4,550 አካባቢ ነው ሚባለው፣ እላዩ ላይ ስትቆም 70 ሜትሩ ትዝ አይልህም።

በመጣህበት መመለስ ካልፈለግክ ከጨነቅ በሶና፣ በመካረቢያና በሙሊት አድርጎ ወደ አዲ አርቃይ ሚወርድ የእግር መንገድ አለ። ከብርዱ ወደ ቆላው መውረድ ነው፣ ልብስህን እያወለቅክ ነው ምትደርሰው። ከአዲ አርቃይ መኪና ይዘህ በሊማሊሞ ሽቅብ ደባርቅ ትመለሳለህ። ሊማሊሞ ጣልያን የቆረጠው ጠመዝማዛ ነው፣ መኪና ሚያዞረው ሰው የፊተኛው መቀመጫ ላይ ባዶ ሆዱን ይቀመጥ ወይም ሎሚ ይያዝ። ይሄን መስመር ግን የፀጥታውን ነገር በደንብ ሳታጣሩ አትሞክሩት፣ ለጨነቁም ለጃናሞራውም ያልኩት እዚህ በእጥፍ ነው።

ክረምት፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ጳጉሜ፣ ካልቸገራችሁ ተዉት። ጭጋጉ ተራራውን ይሸፍነዋል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አይሱዙ ከተቀረቀረ ተሳፋሪው ነው ሚገፋው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ምርጡ ነው፣ ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ግን ሌሊቱ ውሃ ያጋግራል። ብር በእጅ ያዙ፣ ዝርዝሩንም ጨምሩ፣ ባንክ ደባርቅ ድረስ ነው ብላችሁ አስቡት፣ በቴሌብር ልክፈል ብትሉ ደግሞ ኔትወርኩ ሲፈልግ ነው ሚመጣው፣ በቅሎ ነጂው ስልኩን ወደ ሰማይ ይዞ ሜሴጅ ሲጠብቅ ማየት ለሱም ለናንተም ጥሩ አይደለም። ፓወርባንክ ያዙ፣ ሌሊት ከብርዱ እንዲድን አብሯችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ አስተኙት፣ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል።

ለመመለስ፣ ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሚበዛው መኪና ጠዋት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይሳሳል፣ ከ10 በኋላ ካገኘህም ትርፍ ጭኖ ነው፣ ማታ መንዳት ደግሞ በዚህ ጊዜ አይመከርም። ከጃናሞራ የመጣው አይሱዙ ከሰዓት ደባርቅ ካስገባህ እዛው እደር፣ አልጋ ያዝ፣ እግርህን በሙቅ ውሃ እጠብ፣ አውሮፕላን ትኬትህንም ከዛ ሁለት ቀን አርቀህ ቁረጠው። አንድ ቀን ለመንገዱ፣ አንዱ ደግሞ መኪናው ቢቀር ነው።